ለእናትሽ ጸበሉ፣ ለልጆቹ ጭላዳው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። እናትሽ ደብረ ሊባኖስ ሄደው መጠመቅ ይፈልጋሉ፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆችሽ ደግሞ ከመኪና ወርደው የሚሮጡበት፣ ወንዝና ዝንጀሮ የሚያዩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማድረግ ይቻላል ወይ፣ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውስ ያን ያህል የሚያስኬድ ነው ወይ ብለሻል።

መቻሉን ይቻላል። ገዳሙና ድልድዩ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን እኔን ብትሰሚኝ አንድ ሌሊት እደሩ።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ጊዜ እኔም ከእናቴና ከልጆቼ ጋር በአንድ ቀን ነው የሞከርኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ገዳሙ ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ለካ ቀኑ 24 ነው፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርሃዊ በዓል፣ እኔ ልብ አላልኩትም። እናቴ እህል ሳትቀምስ እስከ ቀትር ቆየች። ልጆቹ ሰለቻቸው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጭላዳዎቹ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው የደጋ ዝንጀሮዎች፣ ከሩቅ እንደ ነጥብ ነው የሚታዩት። ከዚያ በችኮላ ወደ መኪና። እናቴ ምንም አላለችም፣ ግን ማታ ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ጊዜ ከሰዓት ወጣንና አደርን። በጣም ይለያል። የጭላዳው ነገር ሰዓት ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ፣ ነብርና ጅብ የማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቀን ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ይግጣሉ፣ ሊመሽ ሲል ደግሞ ተሰብስበው ወደ ገደሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አፋፉ ላይ ብትገኙ እነሱ ራሳቸው ወደ እናንተ ይመጣሉ። በዚያን ቀን እኛ ዝም ብለን ሣሩ ላይ ተቀምጠን፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ትልቁ ወንድ ጎፈሩን ነፋስ እያወዛወዘው በቅርብ አለፈ። ትንሿ ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም እንደሌሉ ስነግራት አላመነችኝም። ጦጣና ሌላው ዝንጀሮ ፍራፍሬ ምናምን ይበላል፣ ጭላዳ ግን እንደ በግ ሣር ነጭቶ የሚኖር ነው፣ ይህንንም እዚያው ቁጭ ብላችሁ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ፣ የሚነጩት ሣር ድምፅ አለው። አንድ ነገር አደራ፦ ምግብ አትስጧቸው፣ ፌስታልም በእጅ አታንጠልጥሉ። ሰው የሚያበላቸው አካባቢ ያሉት መንጠቅ ለምደዋል።

ድልድዩን በተመለከተ፣ ስሙ ሰውን ያሳስታል። ፖርቱጋሎች የሠሩት ይመስላል እንጂ በአሠራሩ ስለሚመሳሰል ነው እንዲያ የተባለው። ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ትንሽ ድልድይ ነው፣ ትልቅ ነገር ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ከኖራው ጋር ገብቷል የሚለውን ወሬ እዚያ ያሉ ልጆች ይነግሯችኋል፣ ልጆችሽም ከሁሉ ይህን ነው የሚያስታውሱት። ዋናው ነገር ግን ያለበት ቦታ ነው። ከድልድዩ ሥር ያለፈው ወንዝ ትንሽ ሄዶ ገደል ይገባል። ከዚያ በዘጋ ወደም ሸለቆ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ። እዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ ታች ሲያዩ ውሃው ሱዳን ሊደርስ መንገድ መጀመሩ ነው ብዬ ለልጆቼ ስነግራቸው ትልቁ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ።

ፏፏቴው ወቅት አለው። ነሐሴና መስከረም ላይ ሞልቶ ይወርዳል፣ ጥቅምት ላይም አለ። ጥር ከሆነ የምትሄዱት ግን እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው የምታዩት፣ ሰው ተናዶ ሲመለስ አይቻለሁ። የክረምቱ ችግር ደግሞ ጉም ነው። አንዴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄደን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ድምፁን እንሰማለን፣ ምንም አናይም። ባለቤቴ እንሂድ ስትል ትንሽ እንጠብቅ አልኳት። 5 ሰዓት ላይ ጉሙ እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ተነሳ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ገረጣ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፣ ታች የእርሻው አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ። ክንፉን ዘርግቶ አንድ ትልቅ አሞራ ከእኛ በታች ያንዣብባል። አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ ሰብሮ የሚበላው ነው። ከበላዩ ሆነሽ ጀርባውን ማየት ሌላ ስሜት ነው። እኔ የምመርጠው የመስከረም መጨረሻን ነው፣ ጉሙ ይቀንሳል፣ ውሃው ገና አለ፣ ከሱሉልታ ጀምሮ ሜዳው አደይ አበባ ነው።

ጫማ ግን። ከድልድዩ ወደ ገደሉ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። አጥር የለም። የ8 ዓመቷን እጅ አትልቀቂ፣ ፎቶ ለማንሳት እንኳ ቢሆን። እኔ በነጠላ ጫማ ሄጄ ክርኔን ልጬ ተመልሻለሁ።

የአካባቢው ወጣቶች እናድርሳችሁ ብለው ይመጣሉ። አንዱን ያዙ፣ ጠቃሚ ናቸው፣ ጭላዳዎቹ ዛሬ በየት በኩል እንዳሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ለስንት ሰው እንደሆነም ጭምር። አገሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ልጆችሽን "አካም ጅርቱ" እና "ገለቶማ" አስተምሪያቸው፣ ሽማግሌዎቹ በጣም ነው ደስ የሚላቸው።

ማደሪያ ከአፋፉ ላይ ሸለቆውን የሚያይ ሎጅ አለ፣ ፍቼ ከተማ ከገባችሁ ደግሞ መለስተኛ ሆቴሎች አሉ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ለእናትሽ ጋቢ ያዢላቸው።

ከዚያ በማግስቱ በጠዋት ገዳም። እናትሽ ሳይደክማቸው፣ ሳይበሉ፣ ሰው ሳይበዛ ይጠመቃሉ። ጸበሉ ያለበት የጻድቁ ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ወደ ላይ ያስወጣል፣ ሩቅ አይደለም፣ ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ምርኩዝ ይኑራቸው፣ ቀስ ይበሉ። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ነው። ወንድና ሴት የሚገባበት በር ለየብቻ ነው። ቀሚስና ነጠላ ለአንቺም ለሴት ልጅሽም አስፈላጊ ነው። ልጆቹ ገዳም ውስጥ እንዳይሮጡ ማታውኑ ንገሪያቸው። እኔ እዚያ ያየሁት የሚያሳዝን ነገር ቢኖር ሰው መነኮሳቱን ሳያስፈቅድ ፊታቸው ላይ ስልክ ሲደግን ነው።

ለ12 ዓመቱ ልጅ አንድ ታሪክ ንገሪው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ገዳሙን የከበበው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ቀን በ12 ነው። መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ወስዶ ረሸናቸው። ራሳቸው ጣልያኖቹ የጻፉት ቁጥር ከ400 ይበልጣል፣ በኋላ ያጠኑ ሰዎች ደግሞ ከ1000 በላይ ያደርሱታል። የእኔ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ሳልነግረው ኮፍያውን አወለቀ።

ጊዜ ተርፎሽ ወደ ጀማ ወንዝ ራሱ መውረድ ከፈለግሽ ያ ሌላ ጉዞ ነው፣ ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ። ቁልቁለቱን ስትወርጂ ብርዱ አልቆ ግራር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ሙቀቱ እንደ ቆላ ነው፣ የወፍ ተመልካቾች ከውጭ ድረስ የሚመጡት ለዚህ ሸለቆ ነው። ከእናትሽ ጋር ግን አላስብም። ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከመነሳትሽ በፊት ባለው ሳምንት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያ መስመር ሹፌሮች ጠይቂ። በቀን ሂዱ፣ በቀን ተመለሱ። ራስሽ የማትነጂ ከሆነ የፍቼ መኪና ከአዲሱ ገበያ ይገኛል፣ ግን ከእናትና ከሁለት ልጅ ጋር ኮንትራት ይሻላል። ስትመለሱ መንገድ ላይ እርጎ ጠይቁ፣ ሰላሌ የወተት አገር ነው፣ የእኔ ልጆች ከጭላዳው ቀጥሎ የሚያወሩት እሱን ነው።

እናትሽ ጸበል ይዘው መመለስ መፈለጋቸው አይቀርም። ባዶ ጀሪካን ከቤት ያዢ፣ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ይሁን። የእኛ ጫንጮ ሳንደርስ መኪናው ውስጥ ፈሰሰ፣ እናቴ ለጎረቤቶቿ ቃል ገብታ ነበርና በጣም ነው ያዘነችው።