ሳኒታይዘር ተሰቅሎም ትውከቱ አልቆመም

ጥያቄ፦ የምኖረው ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው። ፎቃችን ላይ ትውከትና ተቅማጥ ከክፍል ክፍል እየተዛመተ ነው። በየበሩ ሳኒታይዘር ተሰቅሏል፤ ሁላችንም እንጠቀማለን፤ ለውጥ ግን የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በተማሪዎች ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ትውከት እንዲህ ሲፈጥን መጀመሪያ የምጠረጥረው ኖሮቫይረስን ነው። ይህ ቫይረስ የስብ ሽፋን ስለሌለው የሳኒታይዘሩ አልኮል እምብዛም አይበግረውም። ሳሙናና ውሃ ግን ከእጅ ላይ አጥቦ ያወርደዋል፤ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር። ሳኒታይዘሩ ይሰቀል፣ ግን በየመጸዳጃው ሳሙና ይኑር!

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ትውከት ሲጸዳ ነው። በአንድ መወልወያ ኮሪደሩን ጠርጎ ወደሚቀጥለው ክፍል መግባት በሽታውን ማከፋፈል ነው። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ በወረቀት አንሱት፤ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በ10 እጅ ውሃ በጥብጡና ወለሉ ላይ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። መስኮት ክፈቱ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት። የበር እጀታና የውሃ ቧንቧም አይረሳ።

የታመመ ሰው ትውከቱም ተቅማጡም ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት መማሪያ ክፍል አይግባ፣ ለሌላው ምግብ አይንካ። ፈተና እንዳያመልጠው ሕመሙን የሚደብቅ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ግን እሱን አልወቅስም፤ የምወቅሰው በሽተኛን ለሕክምና ወረቀት የሚያሰልፈውን ደንብ ነው።

ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የሽንት መቀነስ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ሂዱ፤ ሌላ በሽታ ወይም የሰውነት ድርቀት ሊሆን ይችላል።