«ኢትዮጵያም አዳልም ዘመዶቼ ናቸው»፤ በአንድ ጨዋታ ሁለት አገር ስለመምራት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከወሎ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው። ዓመታቱም ወራቱና ቀኖቹም ጨዋታዎቹ ራሳቸው በሚጠቀሙበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሜ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ማታ ማታ ይጫወታል። በመጀመሪያ ኢትዮጵያን ይዞ ነበር፤ አሁን ግን ጥቂት ዓመታት ከገፋ በኋላ ያስቀምጠውና ያንኑ ጨዋታ መልሶ ከፍቶ አዳልን ይይዛል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል። «ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እናታችን ክርስቲያን፣ አጎቶቻችን ሙስሊም፤ ሁለቱም ዘመዶቼ ናቸው» ብሎ አሳቀኝ። ነገሩ በሕጉ የተፈቀደ ነውን? ጨዋታውንስ ጣዕም አያሳጣውም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ወንድምዎ የጣሰው ሕግ የለም። በዚህ ጨዋታ የተቀመጠ ፋይል ሲከፈት ካርታው ከነአገሮቹ ይመጣል፤ ተጫዋቹም በዚያ ሰዓት በሕይወት ካሉት አገሮች ያሻውን መርጦ መቀጠል ይችላል። ቀድሞ ይመራው የነበረውን አገር ኮምፒውተሩ ይረከበዋል። ጨዋታውን ሳይዘጉ የሚሻገሩበት መንገድም አለ፤ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ «ታግ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል መጻፍና የአገሪቱን የሦስት ፊደል መለያ ማስከተል ነው፤ የኢትዮጵያ መለያ ኢ፣ ቲ፣ ኤች ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚዘጉት ተጫዋቹ ሲጀምር «አይረንማን» የተባለውን ጥብቅ ስልት ከመረጠ ብቻ ነው፤ በዚያ ስልት አንድ አገር ይዞ ከመጨረስ በቀር ምርጫ የለም።

ጣዕም ያሳጣዋል ወይ ለሚለው ግን መልሱ እንደ አጨዋወቱ ነው።

በመጀመሪያ፣ የተተወው አገር ቆሞ አይጠብቅም። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ አገር የአስተዳደር፣ የዲፕሎማሲና የጦር ተብለው የተለዩ ሦስት የሥልጣን ነጥቦች በየወሩ ያጠራቅማል፤ ሕግ የሚሻሻለው፣ አዲስ ግዛት የሚዋሐደው፣ የጦር ስልት የሚራቀቀው በእነዚህ ነው። ወንድምዎ ለአንድ ትልቅ ጉዳይ ብሎ ያጠራቀመውን ነጥብ ኮምፒውተሩ በመጣበት ቀን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል፤ ያልታሰበ ወዳጅነት ይመሠርታል፤ ያልታሰበ ጦርነትም ይገባል። ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ፣ በሬዎቹን አውሶ እንደከረመ ገበሬ የከሳውንና የቆሰለውን መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ መቀያየር ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም ነው ብለው አይስጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። በልጅነታችን ገበጣ የሚያጫውተን ስናጣ ብቻችንን ሁለቱንም ወገን ሆነን የተጫወትን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ልባችን ወደ አንዱ ወገን አድልቶ ጠጠሩን በሌላው እጅ እናበላሻለን። እዚህም ያው ነው። አዳልን ይዞ ግምጃ ቤቱን በስጦታ ስም ለኢትዮጵያ መላክ ይቻላል፤ አዳልን ሆን ብሎ ጦርነት ውስጥ ከቶ፣ ተሸንፎ፣ በሰላም ውሉ ግዛት ማስረከብም ይቻላል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር ለኑሮ ደኅና ነው፤ በዚህ ጨዋታ ግን ሁለተኛው ባላ የመጀመሪያው ድጋፍ የሆነ ዕለት የሚጫወቱት አንድ አገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አገልጋዩ ነው።

እኔ ለራሴ የያዝኋቸው ደንቦች አሉ፤ ለወንድምዎ ቢያካፍሉለት ደስ ይለኛል። የምሻገረው የምመራው ንጉሥ ወይም ሱልጣን ሲሞት ብቻ ነው። ገንዘብም መሬትም ከአንዱ አገሬ ወደ ሌላው አገሬ አላሳልፍም። በአንዱ ቤተ መንግሥት ያየሁትንም በሌላው ውስጥ እንዳላየሁ እሆናለሁ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ እንደከበደኝም አልደብቅም። አንድ ጊዜ ኢትዮጵያን ይዤ፣ አዳልን ለመውጋት ጦሬን በሙሉ በምሥራቁ ድንበር አስፍሬ ሳለሁ ንጉሡ ሞተ። እንደ ደንቤ ወደ አዳል ተሻገርሁ። ያ ጦር እንዳለ መሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለት አቃተኝና፣ «ለጥንቃቄ ነው» ብዬ ራሴን አታልዬ የሱልጣኑን ሠራዊት ወደ ባሕሩ ጠረፍ አሸሸሁት። ሆኖም ኢትዮጵያን የተረከበው ኮምፒውተር እኔ ያሰብሁትን አላሰበም፤ ጦሩን ከድንበር አንሥቶ ዓመፀኞችን ለማሳደድ ወደ መሀል አገር መለሰው። ለካ የሸሸሁት ከራሴ ሐሳብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተረዳሁት፣ አገር የተተወ ዕለት የመሪው ዕቅድም አብሮ እንደሚቀር ነው፤ ካርታው ላይ የሚቀሩት ምልክቶቹ ብቻ ናቸው።

እርስዎ የታሪክ መምህር እንደመሆንዎ ከዚህ ልማድ ሊያተርፉበት የሚችሉት ነገር አለ። ጨዋታው የሚከፈተው ኅዳር 11 ቀን 1444 ነው። በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አለ፤ በአዳል በኩል ዘመኑ የሱልጣን በድላይ ነው። በታሪክ ሁለቱ በ1445 በጎሚት ተገናኝተው በድላይ በጦር ሜዳው ወደቀ፤ ጨዋታው ከጀመረ ገና አንድ ዓመት አልፎት ማለት ነው። ወንድምዎ ያንን አንድ ዓመት መጀመሪያ ከዘርዐ ያዕቆብ ወገን፣ ቀጥሎ እንደገና ከመነሻው ከበድላይ ወገን ይጫወተው፤ ከዚያም ከሁለቱም በኩል ምን እንዳስፈራውና ምን እንደጎደለው አንዳንድ ገጽ ይጻፍልዎ። በድላይን ሆኖ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው ከደጋው ያለው ጎረቤት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው፤ ይህን ከኢትዮጵያ ወገን ተቀምጦ ማንም አያስተውለውም።

ታሪክ ጸሐፊውስ የሚሠራው ይህንኑ አይደለምን? የዘርዐ ያዕቆብን ጦርነት የምናነበው በቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ነው፤ የኢማም አሕመድን ጦርነት በስፋት የጻፈው ደግሞ ከኢማሙ ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህ ነው። በ1531 የኢማሙ ጦር ቤተ አምሐራ ሲገባ ዐረብ ፈቂህ ድል ብሎ የሚተርከውን፣ የሐይቅ መነኮሳት በሌላ ስም ያስታውሱታል፤ ሁለቱም የሚናገሩት ግን እርስዎ በየቀኑ ከደሴ ስለሚያዩት አገር ነው። ከጨዋታው ዘመን ውጭ ቢሆንም ከሐይቅ አለፍ ብላ ያለችውን ውጫሌን መጥቀስም አይከፋም። በግንቦት 1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። አንዱን ቅጂ ብቻ ያነበበ ሰው ጠቡ ከየት እንደመጣ አይገባውም። ወንድምዎ ካርታው ላይ ተራ በተራ በሁለት ዙፋን መቀመጡን በዚህ ዓይን ቢያዩት፣ ከማጭበርበር ይልቅ ወደ እርስዎ ሙያ የቀረበ ሆኖ ያገኙታል። ማታ ማታ መሆኑን ግን እኔም አልደግፈውም፤ የፈተና ወቅት ሲሆን ኢትዮጵያንም አዳልንም ለኮምፒውተሩ አደራ ይስጥ።

ጥያቄ፦ በወልድያ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ያለን ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ አራት የተለያዩ አገሮች ይዘን መጫወት እንችላለን ወይ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ላይ በአንድ ማሽን ተራ በተራ ለብዙ ሰው የሚሆን የጨዋታ ስልት አልተሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ቀኑ ለሁሉም አገር እኩል ይሮጣል እንጂ እንደ ቼዝ አንዱ ተጫውቶ ሌላው አይጠብቅም። ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወተው እያንዳንዱ በየራሱ ኮምፒውተር ተገናኝቶ ነው። በአንድ ማሽን ወንበር እየተለዋወጡ መጫወት ከፈለጋችሁ «ሲቪላይዜሽን 6» ይፈቅዳል፤ እሱ በተራ የሚሄድ ጨዋታ ነው፤ በ2020 በወጣው ተጨማሪ ክፍልም ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ገብታለች።

«ዩሮፓን አንተውም» ካላችሁ ግን ከላይ ለደሴው መምህር የተነገረው መንገድ ለእናንተም ይሠራል። አንዱ ኢትዮጵያን ይዞ አሥር ዓመት ይጫወትና ያስቀምጥ፤ ቀጣዩ ፋይሉን ከፍቶ የራሱን አገር ይምረጥ፤ እንዲህ እያላችሁ ዙሩ። ተራችሁ ባልሆነበት ጊዜ አገራችሁን የሚመራው ኮምፒውተሩ መሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ አለበለዚያ «አገሬን አበላሽታችሁብኛል» የሚል ጠብ አይጠፋም። ለአራት ሰው የሚሆን ድልድል እኔን ከጠየቃችሁኝ ኢትዮጵያ፣ አዳል፣ ፖርቱጋልና ኦቶማን ናቸው፤ በ1541 በክርስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ለኢትዮጵያ ሲደርሱላት፣ ኢማም አሕመድም ከኦቶማኖች ነፍጠኞች አግኝቶ ስለነበር፣ አራቱ በአንድ ካርታ ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ፖርቱጋልን የሚይዘው ሰው ብቻ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ለእሱ የኢትዮጵያ ምድር በጨዋታው መጀመሪያ ገና ያልታወቀ ነጭ ካርታ ነው፤ የባሕር አሳሽ ልኮ አፍሪካን መዞር አለበት። ኢትዮጵያን የያዛችሁት ደግሞ «እዚህ ነን» ብላችሁ ማያ ገጹ ላይ እንዳትጠቁሙት።

ፋይሉን በየዙሩ በሌላ ስም አስቀምጡ። መብራት በመሀል ሲሄድ የሚጠፋው የአንድ ሰው ተራ እንጂ የአራታችሁም ሥራ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር ተማሪ ነኝ። «ሃርትስ ኦቭ አይረን 4» የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ስጫወት ለመሞከር ያህል ጣልያንን ያዝሁ። ሠራዊቴ ካርታው ላይ ደሴ ያለችበት ስፍራ ሲቃረብ እጄ አልታዘዝ አለኝና ዘጋሁት። አያቴ ከእናቱ ሰምቶ ስለ አውሮፕላኑ ድብደባ ይነግረን ነበር። ከእኔ ጋር የሚጫወቱት ልጆች «ጨዋታ እኮ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ነኝ ወይስ እነሱ የተሳሳቱት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ማንም አልተሳሳተም፤ እነሱ ስለ ካርታው ነው የሚያወሩት፣ አንቺ ስለ ቤትሽ ነው። ይህ ጨዋታ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 1936 ስለሆነ የኢትዮጵያና የጣልያን ጦርነት ተጀምሮ ያገኘዋል። አያትሽ የነገሩሽ ድብደባ ታኅሣሥ 6 ቀን 1935፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ደሴ ሳሉ የደረሰው ከሆነ፣ አንቺ ጨዋታውን ስትከፍቺ ካለፈ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ካርታው ይህን አያሳይሽም፤ ደሴ እዚያ ከሌሎቹ ያልተለየች አንድ ነጥብ ናት። ነጥቧን ስታዪ ከተማዋ ከታወሰችሽ፣ መዝጋትሽ ከጨዋታው ሕግ ውጭ ያለ የራስሽ መብት ነው።

መቀጠል ከፈለግሽ ግን መንገዱ አለ። በመስከረም 2022 የወጣው «ባይ ብለድ አሎን» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ለሁለቱም አገሮች፣ ለጣልያንም ለኢትዮጵያም፣ የየራሳቸውን የውሳኔ ዛፍ፣ ማለትም መሪው ደረጃ በደረጃ የሚመርጣቸውን ውሳኔዎች፣ ስለሰጣቸው ኢትዮጵያን መያዝ እንደ ቀድሞው ባዶ እጅ መቀመጥ አይደለም። የዘጋሽውን ፋይል ካስቀመጥሽው ክፈቺውና በሌላ ስም ገልብጠሽ ያዢ፤ ከዚያ ከአገሮቹ ዝርዝር ኢትዮጵያን ምረጪ። የጣልያኑን ጦር እስከ ደሴ ደጃፍ ያመጣሽው አንቺው ስለሆንሽ የስንቅ መንገዱ የት እንደሚሳሳና የትኛው ክንፍ እንደደከመ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ለደሴው መምህር «በአንዱ ቤተ መንግሥት ያዩትን በሌላው አይጠቀሙ» ያልሁትን ደንብ ለአንቺ ለዚህ አንድ ጊዜ አንሥቼዋለሁ። በታሪክ ጣልያኖች ሚያዝያ 15 ቀን 1936 ደሴ ገብተው፣ አዲስ አበባ የደረሱት ከ20 ቀን በኋላ ግንቦት 5 ነው። አንቺ ስንት ቀን እንዳቆየሻቸው ጽፈሽ ላኪልን።