ልጆቻችን ለክህነትና ለምንኩስና እንዲነሡ ምን እናድርግ?

«በጎንደር ያለን ካቶሊኮች ጥቂት ነን። ከልጆቻችን መካከል ካህን ወይም ሲስተር ልሁን የሚል እንዲነሣ ምን እናድርግ?» ብለው ለጠየቁን እህታችን፣ በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር ካየሁት ልመልስልዎ።

ከሁሉ በፊት ወላጆችን ያነጋግሩ። የጎንደር እናት ልጇ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቤት ቢርቅ አይደንቃትም፤ የቆሎ ተማሪ እያየች ነው ያደገችው። አንጀቷን የሚበላት «የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልቀር ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን የእምነት ማነስ ነው ብሎ መገሠጽ ግፍ ነው። የማውቃት አንዲት እናት የልጇን የዘርአ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት) ማመልከቻ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ቤቷ መጥተው ቡናዋን እስከ በረካው ጠጡ፤ ምንም አልተጫኗትም። ልጁ ጥሪው እንዳልሆነ ከተረዳ በክብር መመለስ እንደሚችል ብቻ ነገሯት። ወረቀቱን ራሷ አውጥታ ሰጠቻቸው።

መመለስን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙዎችን የሚያስፈራው እሱ ይመስለኛል። ከዘርአ ክህነት የወጣን ወጣት «አልቻለም» እያልን የምናማ ከሆነ፣ ታናሹ እንዴት ይሞክር? እዚያ የሚኬደው ጥሪን ለመመርመር ጭምር ነው። ሲመለስ መዝሙር እንዲመራ፣ ሕፃናትን እንዲያስተምር ቦታ እንስጠው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1964 የጀመሩትን ዓለም አቀፍ የጥሪ ጸሎት ቀን እናከብራለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ እሑድ ለጉባኤው ሁሉ የሚነገር ቃል ማንንም ለይቶ አይነካም። ልጁን በስሙ ጠርታችሁ «ስለ ክህነት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። ካህኑ ለታመሙ ቅዱስ ቁርባን ሲያደርሱ አብሯቸው ይሂድ፤ የአባን ሥራ ከመቅደስ ውጭም ይየው።

የብፁዕ ገብረ ሚካኤልንም ታሪክ ንገሯቸው። የጎጃም ተወላጅ መነኩሴ ነበር፤ እዚሁ ጎንደር ተምሯል። እውነትን ሲፈልግ ኖሮ፣ ቅስናን ከካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ጳጳስ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እጅ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1851፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰረ አረፈ። ልጆች ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ነው፤ አትቸኩሉባቸው።

ሴቶች ልጆቻችንን ግን ረስተናቸዋል። ሲስተር ቀርባ ያላነጋገረቻት ልጅ ምንኩስናን ከየት ታውቀዋለች? ለክረምቱ ሲስተሮችን እንጋብዝና ከልጃገረዶቹ ጋር ጥቂት ቀናት ይቆዩ። ቆሞሱን ለማነጋገር ፈቃደኛ ከሆኑ አብሬዎት እሄዳለሁ።