የድግስ ማግስት ጥያቄዎች፦ ሃይላንዱ፣ አተላውና ቄጤማው

የዚህ እትም ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በእድራችን በየሠርጉና በየተዝካሩ ከ300 እስከ 400 ሰው ይስተናገዳል። ማግስቱን ሃይላንዱም፣ ትርፍራፊውም፣ ቄጤማውም በአንድ ተዝቆ ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ ቦይ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ለመለየት ብለን ሦስት በርሜል አቁመን ነበር፤ ሰው ግን ሁሉንም በሁሉም ውስጥ ጣለበት። የተሳሳትነው የቱ ላይ ነው?
የእድር ጸሐፊ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ በርሜሎቹ ምንም አልጎደላቸውም፤ የጎደለው አጠገባቸው የሚቆም ሰው ነው። በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ልጅ የያዘ እንግዳ በርሜል ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አያነብም። ለ400 ሰው ሁለት የመለያ ቦታ ይበቃል፤ አንዱ በድንኳኑ መውጫ፣ ሌላው እቃ አጣቢዎቹ ዘንድ። በእያንዳንዱ ቦታ ምሳ ከሚቀርብበት ጊዜ ጀምሮ ቡናው እስኪያልቅ አንድ ሰው ይቁም፤ በየሁለት ሰዓቱ ተረኛ ይለወጥ። የእድሩ ዳኛ የአሳላፊዎቹን ስም ሲጠሩ የእነዚህንም አብረው ይጥሩ። ይህ ካልተደረገ ሥራው የማንም አይሆንም፤ በርሜሎቹም እንደ ባለፈው ይቀላቀላሉ።

በእያንዳንዱ ቦታ አራት እቃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ወንፊት የተጋደመበት ባለ 20 ሊትር ባልዲ፤ የተረፈ ውኃ፣ ለስላሳና ጠላ እዚያ ይደፋ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያመጣውም የእሱ አለመኖር ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ግማሹ ውኃ ሲሆን ከ260 ግራም ያልፋል። እንዲህ ያሉ ጠርሙሶች ሲበዙ ጆንያው ይከብዳል፣ ውኃው ወደ ምግቡ ይፈስሳል፣ ቆራሌውም ከሚዛኑ ላይ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጆንያ የተነጠፈበት፣ ክዳኑ የተበሳ በርሜል ነው። ቀዳዳው 12 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ጠርሙስ ያልፍበታል፣ ሳህን ግን አያልፍም። ሦስተኛው ለምግብ ትርፍራፊ አፈ ሰፊ ሳፋ ወይም የተቆረጠ በርሜል፤ አራተኛው ለማይረባው ሁሉ ትንሽ ጆንያ፤ የቆሸሸ ፌስታል፣ ፎም ሳህን፣ የብስኩት ላስቲክ እዚያ ይገባል። በጽሑፍ ፋንታ በየእቃው አናት ላይ የሚገባበትን ነገር ራሱን በገመድ ያንጠልጥሉ፤ ባዶ ሃይላንድ ከአንዱ በላይ፣ የሙዝ ልጣጭ ከሌላው በላይ። ማንበብ የማይችለውም ይረዳዋል፤ ልጆቹም ይከተሉታል።

ከመለየት በፊት ግን መቀነስ ይቀድማል። 400 የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት 200 ሊትር ውኃ፣ ማለትም አሥር ጀሪካን ነው። በጆግና በእድሩ ብርጭቆ ቢቀርብ አራት መቶ ጠርሙስ ከነጭራሹ አይመጣም። ውኃውን በክሎሪን የምታክሙት ከሆነ በክሎሪኑ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቁ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ይቆይ። የእድሩን ሳህን ትቶ የሚጣል ሳህን መግዛትም አይመከርም። እጥበት ይቀንሳል ተብሎ የተገዛው ፎም ሳህን አይበሰብስም፣ ቆራሌም አይወስደውም። ሰው እጥረት ካለባችሁ ለአጣቢ ሁለት ሰው መክፈል ይሻላል።

የሃይላንዱን ጆንያ ከመሸጥዎ በፊት ጠርሙሶቹ ይጨፍለቁ፤ ሳይጨፈለቁ በአንድ የኩንታል ጆንያ መቶ ያህል ብቻ ይገባሉ፣ ተጨፍልቀው ከሁለት እጥፍ በላይ። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ55 እስከ 80 የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የአንድ ሠርግ ሃይላንድ ገቢው ብዙ አይደለም። የሦስት የአራት ድግስ አጠራቅሞ በአንድ መሸጥ ይበጃል። ክዳኑ ከጠርሙሱ የተለየ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን ቆራርጦ ውኃ ውስጥ ቢጥሏቸው ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰጥማል። ገዢው ክዳኑን ለይቶ እንደሚፈልግ አስቀድመው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የማኅበራችንን ድግስ ተከትሎ አተላውን፣ የሽንኩርት ልጣጩን፣ ቄጤማውንና የበሬውን ፈርስ ጓሮ ከምረን ኮምፖስት ልናደርግ ሞከርን። በሦስተኛው ቀን ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው፣ ጎረቤትም አቤት አለ። ምን እናድርግ?
የማኅበር አባላት፣ ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ የከመራችሁት ነገር ሁሉ እርጥብ ነው፤ የሸተተውም ለዚህ ነው። አተላም፣ ፈርስም፣ የወጥ ቤት ልጣጭም ውኃና ናይትሮጅን የበዛባቸው ናቸው። ብቻቸውን ሲከመሩ ይጣበቃሉ፣ አየር ይዘጋል፤ ያለ አየር የሚሠሩት ተህዋስያን ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያወጣሉ። ሽታው እንደ ሽንት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ናይትሮጅኑ በዝቶ አሞኒያ ሆኖ እየተነነ ነው፣ ማለትም ማዳበሪያችሁ በአየር ላይ እየጠፋ ነው። የሁለቱም መድኃኒት ደረቅ ነገር ነው።

ልኩ በአካፋ ይቆጠር፦ ለአንድ አካፋ እርጥብ ከሁለት እስከ ሦስት አካፋ ደረቅ። ደረቅ የምንለው የጤፍ ወይም የዳጉሳ ጭድ፣ በገጀራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የተከተፈ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ ቅጠል ነው። ቄጤማው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወለል ላይ ያደረው ቄጤማ ገና አረንጓዴ ከሆነ ከእርጥቡ ይቆጠራል፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲንኮሻኮሽ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ከድግሱ በፊት ስድስት ሰባት ጆንያ ጭድ ወይም አገዳ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ደረቁን ከድግሱ በኋላ መፈለግ የጀመረ ሰው ሲያገኘው እርጥቡ ሸትቷል።

ክምሩ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሜትር ከፍታ ይኑረው። ከአንድ ሜትር ኩብ ካነሰ ሙቀቱን አይይዝም። ከታች 20 ሳንቲሜትር ያህል ያልተከተፈ አገዳ አጋድሙ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በላዩ 20 ሳንቲሜትር ደረቅ፣ ቀጥሎ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር የወጥ ቤት እርጥብ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት አካፋ ፈርስ፣ ከላይ ስስ አፈር፤ እንዲህ እየተደራረበ ይውጣ። ፈርሱን አትጣሉት። በበሬው ሆድ ውስጥ ገለባ የሚያበሰብሱ ተህዋስያን ስላሉበት እንደ እርሾ ነው። አተላው በቀጥታ ክምሩ ላይ አይደፋ፤ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ከተከተፈ ጭድ ጋር ይታሽ፣ ጭዱ ሲጠጣው በየንብርብሩ ይግባ። ለዚህ መጠን ክምር ከሦስት ጀሪካን አተላ አይለፍ። የተረፈ እንጀራ በአንድ ቦታ ከተዘረገፈ ሊጥ ሆኖ ይጣበቃልና ቆራርሳችሁ በትኑት። አመድ እፍኝ እፍኝ ቢነሰነስ አይጎዳም፤ ብዙ ሲሆን ግን አሞኒያውን ያባርራል።

ዘይትና ሥጋ የነካው ትርፍራፊ ውሻ፣ ሌሊትም ጅብ ይጠራል። ጥቂት ከሆነ ክምሩ መሐል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ገብቶ ይቀበር፤ ብዙ ከሆነ ለብቻው ጉድጓድ ይቆፈርለት። አጥንት አይግባ። ስቴኪኒና ቡናማ ቀለም ያለው ወረቀት ይበሰብሳሉ። የጫት ገረባም ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ግን መከተፍ አለበት። ጫቱ ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ ሊኖር ስለሚችል ከእሱ የወጣውን ኮምፖስት ለዛፍና ለአበባ እንጂ ለሰላጣና ለጎመን መደብ አንመክርም።

እርጥበቱን በእጅ ለኩ፦ ከመሐል አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ስትጨምቁ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከጎረፈ ደረቅ ጨምሩ፤ ምንም ካልወጣና ከተበተነ ውኃ ርጩ። ሙቀቱን ለማወቅ የብረት ዘንግ እስከ መሐል ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ንቀሉት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እጅ የማያስቆይ ትኩስ መሆን አለበት። ካልሞቀ ወይ ደርቋል፣ ወይ አንሷል፣ ወይ እርጥቡ አንሶታል። በሳምንቱ በመንሽ ገልብጡት፤ የውጪው ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ውጪ። እንዲህ አራት ጊዜ በየሳምንቱ ከተገለበጠና ከዚያ ዝም ብሎ ከቆየ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ቁመቱም በግማሽ ይወርዳል። ዝንብን የሚከለክለው ከላይ ሁልጊዜ የ10 ሳንቲሜትር ደረቅ ልብስ መኖሩ ነው፤ እርጥብ ለአንድ ሰዓትም ተገልጦ አይቆይ።

ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ክምሩን ያጥበዋል። በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ዙሪያውን ቦይ አውጡለት። በላስቲክ ማፈን ግን አየሩን ይዘጋል። ከጉድጓድ ውኃና ከሐይቁ ዳር ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከክምር የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለበት፤ ጣና ሲገባ እምቦጩን ይቀልበዋል።

አሁን የሸተተውን ክምር አትጣሉት። ዛሬውኑ በትናችሁት፣ ሦስት እጥፍ የተከተፈ አገዳ ቀላቅላችሁ እንደገና ከምሩት፤ ሽታው በሁለት ቀን ይቀንሳል። ጎረቤቶቻችሁንም ስለ ሽታው ይቅርታ ጠይቃችሁ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የመስቀል በዓልን ተከትሎ በየዓመቱ የቀበሌያችን ወጣቶች እምቦጭ ለመንቀል ይወጣሉ። የተነቀለውን ከበዓሉ ትርፍራፊ ጋር ኮምፖስት ብናደርገው ዘሩ እርሻችን ውስጥ አይበቅልም?
የልማት ቡድን አስተባባሪ፣ ከወረታ

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ብዙ ሰው ከሐይቁ ማውጣቱን እንደ ሥራው ፍጻሜ አይቶታል። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ደረቅ እርሻ ላይ እምቦጭ አይኖርም፤ አደጋው በፎገራ ላሉ የሩዝ ማሳዎች፣ ለቦዮችና ለኩሬዎች ነው፤ ውኃ የሚተኛባቸው ናቸውና። በዚህ ኮምፖስት ወደ ቆጋ ግድብ ወይም ወደ ሌላ ንጹሕ ውኃ ዘሩን ማጓጓዝ ከባድ ጥፋት ይሆናል።

ስለዚህ ሐምራዊ አበባው ሳይፈነዳ የተነቀለውን ለኮምፖስት፣ አበባ የያዘውንና ያፈራውን ለብቻው አድርጉ። ያፈራው ከዳር ርቆ ደርቆ ይቀበር። ያላበበው ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ 100 ኪሎ እርጥብ ሲደርቅ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ይቀራል። ከውኃው ዳር ርቆ ለአንድ ሳምንት ይጠውልግ፣ ከዚያ ይከተፍ፤ ሳይጠወልግ የተከመረ ወደ ጭቃነት ይለወጣል። ለእናንተ አካባቢ ምርጡ ደረቅ የሩዝ ጭድ ነው። የሩዝ ገለፈት ግን ሲሊካ የተባለ ጠንካራ ማዕድን ስለበዛበት በቀላሉ አይበሰብስም፤ አየር እንዲያስገባ ጥቂቱን ብቻ ቀላቅሉ። የክምሩ መሐል ለ15 ቀን ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ቢገለበጥ፣ ሳታዩት የቀረ ዘር ካለም አብዛኛው ይሞታል። ለዚህ ግን ብረት ዘንግ አይበቃም፤ የኮምፖስት ቴርሞሜትር ከግብርና ባለሙያው ተዋሱ። ከከተማ ቦይ አፍ የተነቀለ እምቦጭ መርዛማ የሆኑ ከባድ ብረቶችን ይዞ ሊሆን ስለሚችል ለአትክልት አይሁን።

ለነቃዮቹ የጎማ ቦት ጫማና ጓንት ይዘጋጅላቸው። ዳርቻው ቢልሃርዝያ አለበት።

ጥያቄ፦ በጥምቀት ዕለት ሐይቁ ዳር የሚጣለውን ሃይላንድና ፌስታል ማግስቱን እንሰበስባለን፤ ግን ብዙው ውኃ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። በርሜል ብንጨምር ይሻላል?
የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በርሜል ሳይሆን ሰዓት ይቀይሩ። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ተገልብጦ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ያደረ ፌስታል ጠዋት ጣና ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ታቦቱ እንደተነሳ ሕዝቡ ሲከተል፣ ሁለተኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን። ሰብሳቢዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከውኃው ጠርዝ ጀምረው ወደ ውስጥ ይምጡ፤ ከመንገድ ወደ ውኃ ከሄዱ የተረሳው ሁሉ የሚቀረው ጠርዙ ላይ ነው። አንዱ ለሃይላንድ ብቻ፣ ሌላው ለቀረው ሁሉ ጆንያ ይያዝ። የሞላው ጆንያ አፉ ታስሮ ድንጋይ ይደረግበት፣ ቆራሌውም አስቀድሞ ተቀጥሮ እዚያው ይመዝን።

ፌስታሉን ማቃጠል ግን ይቅር። ጭሱ መርዛማ ነው፣ አመዱም በመጀመሪያው ዝናብ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታልን አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከልክሎት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሶ ያግዳል። ስለዚህ ለዳቦውና ለጧፉ ሻጮች ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ወረቀት እንዲያዘጋጁ ንገሯቸው፤ በዕለቱ ቢነገራቸው የገዙትን ፌስታል ሳይጨርሱ አይተዉም።

ጥያቄ፦ አተላ ለላም ምን ያህል ይሰጣል?
ከዘንዘልማ

መልስ፦ ለምዳው የማታውቅ ከሆነ በቀን ከአንድ ሁለት ሊትር ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ሁልጊዜም ከድርቆሽ ጋር። የሻገተ፣ ወይም በዝቶ ሲጠጣ የሚያሰክር አዲስ አተላ አይስጡ። ከመስጠትዎ በፊት በእጅዎ ያማስሉት። ስቴኪኒ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ወይም የፌስታል ቁራጭ ካለበት ያውጡት። ፌስታል በላም ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ ላሟ መክሳት ስትጀምር ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።