በኤልኤልሲ ውል ማስተላለፍ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ ሆልሴል ልትጀምሩ ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ቤቱን ሳንገዛ የመግዣ ውሉን በክፍያ ለሌላ ገዢ የምናስተላልፍበት ሥራ ማለት ነው። ኤልኤልሲ ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ነው።

ጥያቄ፦ ኤልኤልሲ ካለኝ የሪል እስቴት ላይሰንስ አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያሳሳተ ወሬ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ሁለቴና ከዚያ በላይ ውል ለሚያስተላልፍ ላይሰንስ ግዴታ አድርጋለች። ሕጉ ድርጅትንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ውሉን በስሜ ፈርሜ በድርጅቴ ባስተላልፈውስ?

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። የባለቤትነት ማስተላለፉን የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ፋይሉን አይቶ «ይሄ ድርጅት ከየት መጣ?» አለና ክሎዚንጉን፣ ማለትም የሽያጩን መዝጊያ፣ አቆመው። ውሉን መጀመሪያ ከእኔ ወደ ድርጅቱ የሚያሻግር ወረቀት እስኪዘጋጅ ገዢው ሊሸሽ ነበር። ስለዚህ የመግዣ ውሉ ላይ «ገዢ» የሚለው ቦታ ላይ የድርጅቱን ሙሉ ስም ከነ«ኤልኤልሲ»ው ጻፍ። ከፊርማህ ሥር ስምህንና «ማኔጀር» የሚለውን አስገባ። እሱን ከዘለልክ በግልህ የፈረምክ ሊመስል ይችላል። ድርጅቱም ከመፈረምህ በፊት የተመዘገበ ይሁን።

ጥያቄ፦ ወጪውስ?

መልስ፦ ቨርጂኒያ ምዝገባው 100 ዶላር፣ በየዓመቱ 50 ነው። ሜሪላንድ ምዝገባው ያው 100፣ ዓመታዊው ግን 300 ነው። የድርጅቱን የታክስ ቁጥር የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) በነፃ ይሰጣል፤ ለማንም አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሻጩ ባንክ ነው፤ ውሉ «አይተላለፍም» ይላል።

መልስ፦ ለዚያ ቤት ብቻ ኤልኤልሲ ከፍተው፣ በእሱ ፈርመው፣ ውሉን ትተው ድርጅቱን ራሱን የሚሸጡ አሉ። ወረቀቱ ላይ ገዢው አይቀየርም። ውሉ የድርጅቱን ባለቤት መቀየርንም ከከለከለ ግን አይሆንም። እህቴ፣ እዚህ ላይ የጠበቃ ገንዘብ አትቆጥቢ።

ጥያቄ፦ ካስተላለፍኩ በኋላ ገዢው ቢጠፋስ?

መልስ፦ ውሉን የፈረመውን ድርጅትህን ሻጩ በጽሑፍ ከኃላፊነት ካላሰናበተው፣ ድርጅትህ ተጠያቂ ሆኖ ይቀራል። ቀብዱም ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ውሉን እንደማስተላልፈው ለሻጩ መንገር የግድ ነው?

መልስ፦ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ወዲህ በጽሑፍ ማሳወቅን ግዴታ አድርጋለች። ሕጉ ባይኖርም እነግራለሁ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶች ቤታቸውን አምነው ይሰጡናል። ብዕሩን ከማቀበሌ በፊት «እማማ፣ እኔ አልገባበትም፤ ውሉን ለሌላ ሰው አስተላልፌ ትርፍ አገኝበታለሁ» እላቸዋለሁ፤ በአማርኛ። ከልጆቼ ጋር ልማከር ካሉ፣ ወረቀቱን ትቼላቸው እመለሳለሁ።