ጥያቄና መልስ፦ የአውራሪስ ነገር

ባለፈው ስለ ጣና ጉማሬዎች ጽፌ ነበር። የደረሱኝ ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ አውራሪስ ሆኑ። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነው። አባይ መውጫው ላይ የምናየው ጉማሬና አውራሪስ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ከጓደኛው ጋር በምሳ ተወራርዷል።*

ምሳውን ጋብዝ። አውራሪስ ለፈረስና ለአህያ ይቀርባል፤ የጉማሬ የቅርብ ዘመድ ዓሣ ነባሪ ነው።

*አንዲት እናት ልጃቸው ስልክ ላይ ያገኘውን የጥንት ሥዕል ልከውልኛል። አውራሪሱ ጥሩር የለበሰ ይመስላል፤ ጀርባው ላይም ሌላ ትንሽ ቀንድ አለው። ልጁ «ውሸት ነው» ብሏል።*

ልጅዎ ልክ ነው። በ1515 ሕንድ ውስጥ ያለችው የጉጃራት ሱልጣን ለፖርቹጋሎች የሰጡት አንድ አውራሪስ በመርከብ ሊዝበን ገባ። ኑረንበርግ የነበረው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ ከሌላ ሰው የመጣ ንድፍና ጽሑፍ ይዞ ሣለው። አውሮፓ ከ200 ዓመት በላይ ያንን ሥዕል እየገለበጠ ኖረ።

*አንድ ባለሀብት «ጣና ዳር ቦታ አጥረን ሁለት አውራሪስ ብናስመጣ ቱሪስቱ ይጎርፋል፤ ሣር እንደሆነ ሞልቷል» ይላሉ።*

ጌታዬ፣ ያናደደኝ «ሣር ሞልቷል» የሚለው ነው። በእኛ አገር የነበረው ጥቁር አውራሪስ ሣር በል አይደለም፤ ቅጠልና እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው የሚበላው።

ሰው ይህን እንስሳ አጥሮ የያዘበትን ታሪክ ልንገርዎ። ክላራ የምትባል የሕንድ አውራሪስ ነበረች። በ1738 እናቷ ተገድላ በሕፃንነቷ ተያዘች። አንድ የሆላንድ የመርከብ አዛዥ በ1741 ሮተርዳም አስገባትና አውሮፓን ከከተማ ከተማ እያዞረ በገንዘብ አሳያት። በቀን 60 ፓውንድ ድርቆሽ፣ 20 ፓውንድ ዳቦና 14 ባልዲ ውኃ እንደምትጨርስ ማስታወቂያዋ ይናገር ነበር። በ1758 ለንደን ውስጥ ስትሞት ዕድሜዋ 20 ገደማ ነበር፤ በዱር ብትሆን ብዙ ዓመት ይቀራት ነበር። አውሮፓ መካነ አራዊት ውስጥ የሕንድ አውራሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደው በ1956፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ ነው። ጥቁሩ ደግሞ መካነ አራዊት ውስጥ መጀመሪያ የወለደው በ1941 አሜሪካ፣ ቺካጎ ላይ ነው።

የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የሱማትራ አውራሪስ ታሪክ የባሰ ነው። ከ1984 ጀምሮ ለማራባት ተብሎ 40 ተያዙ፤ ብዙዎቹ ሳይወልዱ አለቁ። አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ መካነ አራዊት የነበረው ወንድ ድርቆሽ እየቀረበለት ሊሞት ሲል የዳነው የእኛ ሾላና ዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ ቅጠል ሲመጣለት ነው። እዚያ ግልገል የተወለደው በ2001 ነበር። እርስዎ ደግሞ ሣር አለ ይሉኛል። ፈቃዱን በተመለከተ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

*አንድ አባት፣ ከአያታቸው የወረሱት ጎራዴ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። ጎረቤት «ፍቀህ ለልጅህ ትኩሳት አጠጣው» ብሏቸዋል።*

እባክዎ እንዳያደርጉት። እንዲህ ያለ እጀታ በእጄ ይዤ አውቃለሁ፤ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ጫፉ እንደ ማር ቀልቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡ እንደ ፀጉር ቀጫጭን መስመር ይታያል። የተሠራውም ጥፍራችንና ፀጉራችን ከተሠሩበት ነገር ነው። ጥፍር ቢቆርጡ ለልጅዎ ያጠጡታል? ትኩሳቱ ወባ ሊሆን ይችላል፤ ጣና ዳር እየኖርን ይህን መርሳት የለብንም። ይህን እንዳነበቡ፣ ነገ ሳይሉ፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙን ያስመርምሩ። ጎራዴውን ደግሞ ለውጭ ሰው ለመሸጥ እንዳያስቡ፤ የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ለልጁ ያቆዩለት።

*የዘጌ መምህር ናቸው። «አገራችን የሌለ አውሬ እንዴት የራሱ ስም ኖረው? አውራሪስ ማለትስ ምንድን ነው?»*

መምህር፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ቃሉ ከግዕዝ «አርዌ ሐሪስ» የመጣ ነው፤ አርዌ አውሬ፣ ሐሪስ ማረስ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ይህንኑ ስም ሰምቶ ትርጉሙን ጽፎታል። ያ ስም የወጣለት ከአፍንጫው ቅርጽ እና ደረቅ ቆዳው በማረሻ ብረት ምትክ ከመግባቱ ነው ይላል። ራሱም አንድ በሕይወት ያለ አውራሪስ ከሩቅ አየ። ሌላ ደግሞ ሞቶ፣ ቆዳው ገለባ ተሞልቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቆሞ አገኘውና ሣለው። ዱረር ሳያይ ከመሣሉ ወደ አንድ ሺህ ዓመት በፊት አክሱም ላይ አይቶ የሣለ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ «የሌለ» አይበሉብኝ፤ የጠፋ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ ወደብ የአውራሪስ ቀንድ ይጫን ነበር። ጎንደርና ጣና ዙሪያ የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ እሱ በሰፊው ጽፏል። በ1868 ለንደን መካነ አራዊት የገባው ጥቁር አውራሪስ፣ በዘመናዊት አውሮፓ የመጀመሪያው፣ የተያዘው ከድንበራችን ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ከሰላ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን ግልገል የሚያዘው እናቱ እየተገደለች ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የለም። ክፍል ውስጥ «አውራሪስ የየት አገር እንስሳ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ልጆች የውጭ አገር ስም ሲጠሩ አንጀቴ ያርራል። መምህር፣ እርስዎ ስሙን ከግዕዙ ጋር ያስተምሩልኝ።

*የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ጣና ዳር ይኖራል። «አውራሪስ ዋና ይችላል?»*

የሕንዱ ጎበዝ ዋናተኛ ነው፣ የኔ ልጅ። ያ ሊዝበን የገባው ደግሞ በ1516 ለሮማው ጳጳስ በስጦታ ሲላክ መርከቡ በማዕበል ሰጠመ። ዋና አላቃተውም፤ ከመርከቡ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነበር።