«ብሩ በደንብ ተበልቷል» ብዬ ከጻፍሁ ወዲህ እህቴ ዘጋችኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 33 ዓመቴ ነው፤ ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። እማዬ ስኳር ስላለባት ላለፉት አራት ዓመታት የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ታላቅ እህቴ ቨርጂኒያ ናቸው። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ የወንድሜ ሚስትና ትልቁ ልጁም አሉበት። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን እማዬን ለክትትል ሆስፒታል ወስጃት ስንሰለፍ ውለን መሽቶ ገባን። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት እህቴ «የላክሁት ብር ደረሰ? ምን ላይ ዋለ?» ብላለች። እኔም «ተጨንቃችሁ እንዳትሞቱ። ብሩ በደንብ ተበልቷል» ብዬ ጻፍሁ። ቀልዴን ነበር። ወዲያው ሁለቱ የራይት ምልክት መጣ፤ አይታ ዝም አለች ማለት ነው። ሲነጋ ጸጽቶኝ አጠፋሁት። ለካ ወንድሜ ስክሪንሹት አንስቶ ለብቻዋ ልኮላት ኖሯል። ከሰዓት በኋላ «እሺ።» ብላ ጽፋ ከግሩፑ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እማዬን የምታገኛት በጎረቤታችን ስልክ ነው። እማዬ «ምነው፣ እህትሽ በአንቺ ስልክ መደወል ተወች?» እያለች ትጠይቀኛለች። ባለቤቴ «ዝም በያት፣ ጥፋቱ የእሷ ነው» ይላል። ለጥምቀት ትመጣለች ተብሏል። ሁሉንም ነገር የሚያስረዳ ረጅም መልእክት ልጻፍላት ወይስ ሽማግሌ ልላክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቴም «ቀልዴን ነበር» የሚለው ላይ ቆምሁ። ቀልድ አልነበረም። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ሲነጋ አታጠፊውም ነበር። ተናደሽ ነው የጻፍሽው፤ መናደድሽ ደግሞ አይገርመኝም። ቀኑን ሙሉ የታመመች እናት ይዞ ተሰልፎ የዋለ ሰው፣ ማታ ሲገባ «ደክሞሽ ዋልሽ?» የሚል ሲጠብቅ «ምን ላይ ዋለ?» ካገኘ ይናደዳል። ይህን በግልጽ የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። «ቀልዴን እኮ ነው» እያልሽ ለዕርቅ ብትሄጂ እህትሽ እንደገና የተዋሸች ስለሚመስላት ነው። እህትሽ ንዴትሽን በትክክል አንብባዋለች። ያላነበበችው ድካምሽን ነው፤ ድካምሽ ደግሞ አልተጻፈም።

እህትሽ የጻፈችውንም እንየው። «የላክሁት ብር ደረሰ? ምን ላይ ዋለ?» ፖል ዋዝላዊክ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ነገር አለ፦ ማንኛውም ንግግር ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ወሬው ራሱ ነው፣ ሌላው «አንተና እኔ ምን ነን?» የሚለው ነው። ወሬው ስለ ብር ነበር። አንቺ የሰማሽው ሁለተኛውን ነው፦ «አላምንሽም፣ ሒሳብ አቅርቢ።» ይህንን ማለቷ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ብሩ ለመድኃኒት ካልበቃ ልትጨምር አስባም ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጥያቄ እቤት ቁጭ ብላ፣ ቡና እየተፈላ፣ እጅሽን ይዛ ብትጠይቅሽ ኖሮ የትኛው እንደሆነ ከፊቷ ታውቂው ነበር። እኛ ሰምና ወርቅ ለምደን ያደግን ሰዎች ነን፤ አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማዋል እናውቅበታለን። ግን ሰምና ወርቅ የሚሠራው ሰሚው የተናጋሪውን ፊት፣ ድምፅና ወቅት አብሮ ሲያገኝ ነው። በስልክ መስኮት ላይ ቃሉ ብቻውን ይደርሳል፤ ወርቁን አንባቢው ከራሱ ስጋት ነው የሚያወጣው። አንቺ «ሌባ ትለኛለች» ከሚል ስጋት፣ እሷ ደግሞ «ባለመኖሬ ይንቁኛል» ከሚል ስጋት አውጥታችሁታል ብዬ እገምታለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ ፌስቡክ ላይ «ከምንናገረው ውስጥ ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው 93 በመቶ ድምፅና ፊት ነው» የሚል አይተሽ ይሆናል። ሥልጠና ላይም ይነገራል። እንዲህ አይደለም። አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ያጠናው፣ ሰው ስሜቱን ሲገልጽ ቃሉና ድምፁ ወይም ፊቱ ሲጋጩ ሰሚው የቱን እንደሚያምን ነው። ቃል 7 በመቶ ቢሆን ኖሮ የአንቺ አምስት ቃላት ይህን ያህል ባላቆሰሉ ነበር።)

የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ በግልጽ የጻፈ ይመስለዋል። ኤሊዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጋ ታስቀምጥና አንዱ ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ዜማ በጣቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲመታ፣ ሌላው ዘፈኑን እንዲያውቅ ታደርግ ነበር። መቺዎቹ «ግማሹን ያውቁታል» ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነበር። መቺው ዜማውን በልቡ ይሰማዋል፤ ሰሚው የሚያገኘው ኳ ኳ የሚል ድምፅ ነው። ምሽት 5 ሰዓት ላይ ስትጽፊ የሆስፒታሉ ሰልፍ፣ የእናትሽ እግር፣ የታክሲው ግፊያ ሁሉ በልብሽ እየዘፈነ ነበር። ለእህትሽ የደረሳት ኳ ኳው ነው። ለዚያውም ቨርጂኒያ ኅዳር ላይ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ለእሷ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር፤ ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ሰዓት።

አሁን ምናልባት የማታውቂውን ልንገርሽ። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሁለቱ ምልክት «እህትሽ አየችው» ማለት አይደለም። ከግሩፑ አባላት ቢያንስ አንዱ ከፈተው ማለት ነው። የወንድምሽ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ተጥዶ የሚያመሸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። በትንሽ ግሩፕ ውስጥ ማን እንዳየው መልእክቱን ነክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ግን ለ7 ቀን ብቻ ነው፣ ጠፍቶ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ «አይታ ዝም አለች» ብለሽ ሌሊቱን የተብሰለሰልሽበት ዝምታ ምናልባት ዝምታም አልነበረም። እህትሽ ነገሩን ያየችው ወንድምሽ በላከው ስክሪንሹት ሊሆን ይችላል፤ ያውም ከጀርባ፣ «ይኸውልሽ ምን እንዳለች» በሚል መንፈስ። በግሩፕ ውስጥ ማንበብና ተነጥሎ ሲላክ ማንበብ ለየቅል ናቸው። እኛ ጎንደሮች ደግሞ ይህን ልናውቀው ይገባን ነበር፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን በነበረ ጊዜ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ዝምታችንን ስንት ዓይነት ተርጉመውት ነበር?

«እሺ።» የምትለዋንም በጣም አትመራመሪባት። እኔ መልእክት ስጽፍ አራት ነጥብ አደርጋለሁ፤ አስተማሪዬ በአለንጋ ያስለመደኝ ነው። ልጄ በቀደም «አባዬ፣ አራት ነጥብ ስታደርግ የተቆጣህ ይመስለኛል» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት የጻፍሁበት ሥርዓተ ነጥብ ቁጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከግሩፑ መውጣቷ ግን መልእክት ነው። እሱን አላቃልለውም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ረጅሙን መልእክት አትጻፊው። ወይም ጻፊው፣ ለራሽ አስቀምጪው፣ አትላኪው። ረጅም ማብራሪያ ለጻፈው ሰው ንስሐ ይመስለዋል፤ ለሚያነበው ግን ክስ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው መስመር ላይ «ግን አንቺም…» መግባቱ አይቀርም። እሷም ነጥብ በነጥብ ትመልሳለች። ከዚያ ስክሪንሹቱ ወደ ወንድም ይሄዳል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ ስለ ተነገረ ቃል ነው፤ የተጻፈው ከአፋፍም ያልፋል፣ ባሕር ይሻገራል፣ አንቺ አጠፋሁት ካልሽ በኋላም ይኖራል።

ሽማግሌም ገና ነው። ሽማግሌ የሚላከው ሁለቱ ተነጋግረው ሲያቅታቸው ነው፤ እናንተ እኮ አልተነጋገራችሁም። አሁን ብትልኪ እህትሽ የምትሰማው «ታናሼ አገር ምድሩን አስማችብኝ» የሚለውን ነው።

ይልቅ አጭር መልእክት ለብቻዋ ላኪላት፦ «እታለም፣ በጻፍሁት ነገር አስቀይሜሻለሁ። በጽሑፍ ልጨርሰው አልፈልግም። ቅዳሜ ማታ ልደውልልሽ? ላንቺ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል።» በቃ። «ደክሞኝ ነበር» አትበያት፤ እሱ ለስልኩ ይቆይ። ካልመለሰች አንድ ሳምንት ጠብቂ፤ በየቀኑ ምልክቱን እያየሽ ራስሽን አትብዪ።

ለምን ድምፅ? ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከልብ የተባለና በምጸት የተባለ ዓረፍተ ነገር በኢሜይል ወይም በድምፅ ለሌላ ሰው አስተላለፉ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ወደ 78 በመቶው በትክክል እንደሚገባ ገምተው ነበር። በድምፅ 73 በመቶው ገባ፤ ግምታቸው ብዙ አልራቀም። በጽሑፍ የገባው 56 በመቶ ነበር። በጭፍን ቢገመትም እኮ ግማሹ ይገኛል። ቪዲዮም ባይሆን ይሻላል። በእኛ ኔትወርክ ፊቷ ግማሽ ሳቅ ላይ ቆሞ ቢቀር ያላሰበችውን ታነቢበታለሽ። ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ ድምፁ የሚዘገይ ከሆነ «እየዘገየ ነው፣ እየሰማሁሽ ነው» በያት። አንድ ሰከንድ ዝምታ ሰው ሲቀያየም ረጅም ነው።

ስልኩን እንዴት እንደምትጀምሪ ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል። ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ስለሚያጨቃጭቃቸው ነገር ሲነጋገሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ትዳሩ ወዴት እንደሚያመራ ፍንጭ ይሰጡ ነበር። ጥናቱ ስለ ባልና ሚስት ነው፤ በምክር ክፍሌ ግን ወንድምና እህትም ሲጀምሩ ሲያበላሹት አያለሁ። ስለዚህ በራስሽ ጀምሪ፦ «ያን ቀን ተናድጄ ነበር የጻፍሁት። ቀልድ አይደለም። በሰው ፊት ስላዋረድሁሽ ይቅርታ።» ከዚህ በኋላ «ግን» የምትለዋን ቃል ዋጫት። ቀጥሎ ጠይቂያት፦ «ምን ላይ ዋለ ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር?» የመለሰችውን በራስሽ አባባል መልሰሽ ንገሪያት፤ «እንግዲህ ብሩ እንዳይጎድለን ብለሽ ነው» ወይም «እንግዲህ እውነትም አላመንሽኝም ነበር» ብለሽ። ሁለተኛው ከሆነ ያማል። ቢያምም መስማት ይሻላል፤ አሁን የምትታገይው ከምትገምችው ጋር ነው።

የአንቺ ተራ ሲደርስ ስለ እሷ ጠባይ ሳይሆን ስለ ቀንሽ አውሪ። «እናንተ እኮ አታስቡልኝም» ካልሽ እሷ ያሰበችባቸውን ቀናት መቁጠር ትጀምራለች። «ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ ገባሁ፣ እማዬን ደግፌ ትከሻዬ ተቆርጦ ነበር፣ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነበር» ካልሽ የምትከራከርበት ነገር የለም። አስታማሚ ማን ይጠይቀዋል? ሁሉም የሚጠይቀው ታማሚውን ነው። አራት ዓመት አስታመሻል፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ስለ ራስሽ ድካም አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም። ለእነሱም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም የምትጽፊላቸው፦ «እማዬ ደህና ናት፣ ሁሉም ሰላም ነው።» ከዚያ አንድ ማታ ይፈነዳል። እህትሽን በስም የምትጠይቂያት ነገር ይኑርሽ፤ ለምሳሌ በወር አንድ ጊዜ ለቀጠሮ ቀን የሚረዳሽ ሰው የሚቀጠርበት ገንዘብ፣ ወይም ወንድምሽ በየሦስት ወሩ መጥቶ አንድ ሳምንት እንዲተካሽ።

ስለ ብሩ አንድ የማይጥምሽ ነገር ልበል። የመድኃኒቱንና የላቦራቶሪውን ደረሰኝ በየወሩ ፎቶ አንስተሽ፣ ሳትጠየቂ፣ ለእህትሽ ላኪላት። ባለቤትሽ «ተጠርጥረሽ ነው?» ይል ይሆናል። ሳይጠየቅ የቀረበ ሒሳብ ክብር ነው፤ ተጠይቆ የቀረበ ነው ምርመራ የሚሆነው። በግሩፑ ውስጥ ግን አይሁን። የወንድምሽ ሚስትና ልጁ ባሉበት ገንዘብና ቅያሜ ባይነሳ፤ ግሩፑ ለቀጠሮ ቀንና ለበዓል ፎቶ ይበቃዋል።

ወንድምሽን አሁን አትንኪው። ስክሪንሹቱ አበሳጭቶኛል፣ አልደብቅሽም። ከእህትሽ ጋር ሳትታረቂ እሱን ብታነሺ ግን ነገሩ «ማን አሳበቀ?» ወደሚል ይዞራል። ኋላ ለብቻው ደውለሽ «ቀጥሎ እንዲህ ስጽፍ መጀመሪያ ለእኔ ደውልልኝ» ብትዪው ይበቃዋል።

ስልኩ ባይሳካ ጥምቀት አለ። ግን ኤርፖርት ላይ አይሆንም፤ ዘመድ ሁሉ እልል እያለ ሲቀበላት ያኮረፈ ፊት ይዘሽ አትቁሚ፣ እሷም ደክሟት ነው የምትመጣው። ጥር 10ና 11ም አይሆንም፤ ቤቱ እንግዳ፣ ከተማው ሰው ነው፣ ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ የምትነጋገሩበት ጥግ አይኖርም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት «ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሳለም» ብለሽ ይዘሻት ውጪ። በእግር ሂዱ። ፊት ለፊት ተቀምጠው አፍ የሚከብዳቸው ሰዎች ጎን ለጎን ሲራመዱ ሲቀላቸው አይቻለሁ፤ ዓይን ለዓይን መጋጠም የለም፣ ዝም ቢባልም እግር ይሄዳል።

እናትሽ ነገ «ምነው እህትሽ?» ስትልሽ «ኔትወርክ ነው» አትበያት። እናት ናት፣ በጎረቤት ስልክ ስትጠራ ገብቷታል። «ትንሽ ተቀያይመን ነበር፣ ቅዳሜ ልደውልላት ነው» በያት። መልእክት ግን አታስይዣት፤ በሁለት ልጆቿ መካከል እንድትመላለስ አታድርጊያት። ለጎረቤትሽም ስላደረጉት ሁሉ አመስግኚያቸው።